ከወረታ እስከ ንፋስ መውጫ፦ ለባዮፊዚክስ ተማሪ የሚሆን መንገድ



ስለ ባዮፊዚክስ ጥቂት እንድናገር ታዝዤ ነው የቆምኩት። በትምህርት ክፍላችን ዶክተር ሙሉጌታ በቀለና ተማሪዎቻቸው ሙቀት የሚያንገላታት ቅንጣት እንዴት ሥራ ልትሠራ እንደምትችል በሒሳብ ሲመረምሩ ኖረዋል። ሕዋስ ውስጥም ነገሩ ይሄው ነው፤ ካይንሲን የሚባለው ፕሮቲን በውኃ ሞለኪውሎች እየተገፈተረ፣ በአንድ እርምጃ 8 ናኖሜትር እየተራመደ ሸክሙን ያደርሳል። የመርካቶ ተሸካሚ በሉት። ለዚህ ሥራ ወረቀትና ኮምፒዩተር ይበቃል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሠርቼበታለሁ።

ግን የጋይንት ልጅ ነኝ። ንፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገቱ ላይ ቁና ቁና ሲተነፍስ፣ እናቶቻችን ውኃ ተሸክመው እያወሩ ያልፉታል።

በ2002 እ.ኤ.አ. እነ ሲንቲያ ቢል በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክተው ውጤቱን አሳተሙ። በአንዲስ ተራሮች ሄሞግሎቢን ይጨምራል፤ በቲቤት የደሙ ኦክስጅን ዝቅ ይላል። የኛዎቹ ግን ሄሞግሎቢናቸውም፣ 95.3 በመቶ የሆነው የኦክስጅን ሙሌታቸውም የቆላ ሰው ሆኖ ተገኘ! እንዴት? ዛሬም ያከራክራል። ሄሞግሎቢን አራት ኦክስጅን ይይዛል፤ የመጀመሪያው ሲገባ ለተከታዮቹ በር ይከፍታል። ይህ እኮ ማስተርስ ላይ የተማርነው ስታቲስቲካል ፊዚክስ ነው፤ ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም።

ጉዳዩ የወረቀት ብቻም አይደለም። ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ሳል የያዘው ሕፃን ላይ መለኪያውን ሰክታ 88 ብታነብ፣ በዚያ ከፍታ ጤነኛው ሕፃን ስንት እንደሚያሳይ ማወቅ አለባት። ሪፈር ልትጽፍ ነው ወይስ ወደ ቤቱ ልትመልሰው?

መንገዱ ደግሞ የተመቸ ነው። ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር 2,700፣ ከዚያ ንፋስ መውጫ፤ ሁሉም በአንድ የአስፋልት መስመር። እርግጥ ፎገራ ሩዝ ይበላል፣ እኛ ገብስና ድንች፤ እሱም መመዝገብ አለበት። መለኪያው ጣት ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ነው። ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ፣ ከቤተሰቡም ይሁንታ ይጠየቃል።

መምህራን፣ ሁለት የማስተርስ ተማሪ ስጡኝ። ትራንስፖርቱን እኔ እችላለሁ፤ ማረፊያው የእናቴ ቤት ነው። ብርድ ልብስ ግን ይዘው ይምጡ።