አንድ ተረት ለዓይንም ለጣትም

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ገጠር የምትኖሩ፣ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ይህ በራዲዮ የተነገረ ንግግር ነው። አሁን ታትሞ እጃችሁ ገብቷል። ቀስ ብላችሁ፣ ሳትቸኩሉ አንብቡት።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ልጆች የተረት መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ግን እንደ ሌላው መጽሐፍ አይደለም። ዓይናማ ልጅ በዓይኑ፣ ዓይነ ስውር ልጅ በጣቱ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያነቡት ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በመንደራችሁ ዓይነ ስውር ልጅ አለ? ካለ፣ ቀን ቀን የት ነው የሚውለው? በብዙ ቤት መልሱ የታወቀ ነው። እህቱ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እሱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ወላጆቹ ጠልተውት አይደለም። እንዳይወድቅ፣ እንዳይጎዳ ሰግተው ነው። «ፊደሉን አያየው፣ ምን ይሠራለታል?» ብለውም ነው።

ለመሆኑ ፊደል ያለ ዓይን አይነበብም? ይነበባል።

የጎጃም ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። በቅኔ ቤት በቃል እየተቀበሉ ተምረው ለመምህርነት የበቁ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ዓይን ስለ ጠፋ ልብ አይጠፋም። ለእነዚያ ሊቃውንት ያልተሟላላቸው ነገር ቢኖር በእጅ የሚዳሰስ ፊደል ነበር።

ያን ፊደል ያወጣው ሉዊ ብሬል የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የተወለደው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1809 ነው። አባቱ ኮርቻና ልጓም ሠሪ ነበሩ። ሉዊ በ3 ዓመቱ ከአባቱ መሣሪያዎች በአንዱ ሲጫወት ዓይኑን ወጋው። ሕመሙ ወደ ሌላው ዓይኑ አለፈና ሁለቱም ጠፉ። በ1824 ግን ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ በነጥብ የሚጻፈውን ፊደል አዘጋጀ። ፊደሉም በስሙ ብሬል ተባለ።

ብሬል ምን ይመስላል? ስድስት ነጥቦችን አስቡ። ሦስቱ በግራ፣ ሦስቱ በቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። አንዳንዱ ነጥብ ከወረቀቱ ይነሣል፣ አንዳንዱ አይነሣም። በዚህ ዓይነት 63 ልዩ ልዩ ምልክቶች ይወጣሉ።

አማርኛም በብሬል ይጻፋል። እኛ «ሉ» ብለን በአንድ ፊደል የምንጽፈውን በብሬል ሁለት ምልክት ይዘው ይጽፉታል። አንዱ የ«ለ» ቤተሰብ መሆኑን ይነግራል፤ ሁለተኛው የ«ኡ»ን ድምፅ ይነግራል። ስለዚህ ልጁ የፊደል ገበታውን ቅርጽ ሁሉ አንድ በአንድ አይሸመድድም። ይህ ጥሩ ነው። ችግሩ ብሬል ቦታ ይፈጃል። በቀለም ቀጭን የሆነ መጽሐፍ በብሬል ወፍራም ይሆናል። እንግዲያው ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር ተረት መምረጥ ይሻላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጽሐፉ እንዴት ይሠራል?

አንደኛ፣ ተረቱን ምረጡ። የጅብና የአህያ፣ የጦጣ፣ የቀበሮ ተረት በየቤቱ ሞልቷል። አያቶችን አስወሩ፣ ልጆቹም የወደዱትን ይምረጡ። ተረቱን አሳጥራችሁ በአንድ ገጽ ሦስት ወይም አራት አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ አድርጉ።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱን አዘጋጁ። የደብተር ወረቀት ስስ ስለሆነ ሲወጋ ይቀደዳል፤ ባይቀደድም ነጥቡ ቶሎ ይተኛል። ወፍራም ወረቀት ፈልጉ። የምትጽፉትም በአንድ ገጹ ብቻ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ብሬሉ ይጻፍ። ይህን የሚሠራው ብሬል የሚያውቅ ሰው ነው። በግምት አይጻፍም። መጻፊያው ስሌትና ስታይለስ ይባላል። ስሌት የነጥቦቹን ቦታ የሚያሳይ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ነው። ስታይለስ ደግሞ ወስፌ የሚመስል መውጊያ ነው። ወረቀቱ በስሌቱ መካከል ይገባል። ጸሐፊው ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ይሄዳል። ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቦቹ ተነሥተው ይገኛሉ፤ ንባቡም ከግራ ወደ ቀኝ ይሆናል። ጸሐፊው በየመስመሩ መካከል ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ይተው።

አራተኛ፣ በቀለም ጻፉ። ይኼ የእናንተ ሥራ ነው። በተተወው ባዶ ቦታ ላይ፣ ከእያንዳንዱ የብሬል መስመር በላይ፣ ያንኑ ቃል በትልልቅ ፊደል ጻፉ። እጃችሁ ነጥቡን እንዳይጨፈልቀው ተጠንቀቁ። ትናንት ስሙን መጻፍ የተማረ አባት ዛሬ ለልጁ መጽሐፍ ሲጽፍ ቀላል ነገር ነው?

አምስተኛ፣ ሥዕሉ የሚዳሰስ ይሁን። ጅቡን ከሻካራ ቆዳ፣ አህያዋን ከለስላሳ ጨርቅ ቆርጣችሁ ለጥፉ። ወንዙን በክር አሳዩ። በአንድ ገጽ ብዙ ነገር አትከምሩ፤ ጣት ይደናገራል። በመጀመሪያው ገጽ ጅቡ ሻካራ ቆዳ ከሆነ እስከ መጨረሻው ሻካራ ቆዳ ይሁን። እህል ግን አትለጥፉ። በቆሎውን ነቀዝ ይበላዋል፤ አይጥም መጽሐፉን ይዞት ይሄዳል።

ስድስተኛ፣ አሳርሙ። አራሚው ዓይነ ስውር አንባቢ ነው። አንድ ነጥብ ብትሳሳት ፊደሉ ሌላ ይሆናል። ይህን የሚያውቀው የለመደ ጣት ነው። ሥዕሉንም «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ልጁን ጠይቁት። ካላወቀው ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ሥዕሉ ይለወጥ።

መጽሐፉ ካለቀ በኋላ አትጠፉት፣ አትጠቅልሉት፣ ዕቃም አትጫኑበት። ደረቅ ቦታ አቁማችሁ አኑሩት። ነጥቡ ተኛ ማለት ጽሑፉ ጠፋ ማለት ነው።

«ለዓይነ ስውሩ የራሱን መጽሐፍ ብንሰጠው አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። አይበቃም። መጽሐፉ ነጥብ ብቻ ከሆነ ከቤተሰቡ ሊያነብለት፣ ሊያርመው፣ አብሮት ሊስቅ የሚችል የለም። ቀለሙ ከላይ ካለ ግን እናቱ ብሬል ባታውቅም ጣቱ የት እንደ ደረሰ ታውቃለች። ሲሳሳት ታርመዋለች። እህቱ ስትደናቀፍ ደግሞ እሱ ያርማታል። ያን ጊዜ «ምስኪን» መባሉ ይቀርና አንባቢ ይባላል።

ይህ ባዶ ተስፋ አይደለም። የሕግ ባለሙያዋን የትነበርሽ ንጉሤን ተመልከቱ። የተወለዱት በ1974 ዓ.ም. በወሎ፣ በአማራ ሳይንት ገጠር ነው። በ5 ዓመታቸው ታመው ዓይናቸው ጠፋ። ቤተሰባቸው ግን ደጃፍ ላይ አላስቀመጧቸውም። ሻሸመኔ ባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠሩት ሥራ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ግን ልብ በሉ። ከአማራ ሳይንት ሻሸመኔ ሩቅ ነው። ከቡሬ ሰበታም ሩቅ ነው። ልጅን በ6 እና በ7 ዓመቱ ከእናቱ ጉያ አውጥቶ መላክ ለብዙ ወላጅ ይከብዳል። ብዙውም ሳይልክ ይቀራል። ልጁ ወደ መጽሐፉ መሄድ ካልቻለ መጽሐፉ ወደ ልጁ ይምጣ።

ብሬል የሚያውቅ ሰው ከየት ይገኛል? በአቅራቢያችሁ ያለውን ትምህርት ቤትና የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስለ ልዩ ፍላጎት መምህር ጠይቁ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርንም ጠይቁ። አንዱ ወረቀት ይግዛ፣ አንዱ ጨርቅ ያምጣ፣ አንዱ ይጻፍ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

የዚህ ሳምንት ሥራችሁ ይህ ነው። በመንደራችሁ ያለውን ዓይነ ስውር ልጅ ሄዳችሁ፣ «የትኛውን ተረት ትወዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የነገራችሁን በደብተራችሁ ጻፉ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ያ ነው።

ደህና ሰንብቱ።