ሦስት ቀስቶችና አንድ ክብደት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዛሬ የምንናገረው ስለ ቀስት ነው። ይኸውም ከአንድ እንጨትና ከአንድ ጅማት የሚሠራው የጥንቱ ሳይሆን፣ በሁለቱ ጫፎቹ መዘውር የተተከለበት ኮምፓውንድ የተባለው ቀስት ነው። ይህን ያወጣው በአሜሪካ የሚዙሪ ሰው ሆሌስ ዊልበር አለን ሲሆን፣ ለፈጠራው መብት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 አመልክቶ በ1969 ተፈቀደለት።

የጥንቱ ቀስት በተሳበ መጠን እየከበደ ይሄዳል፤ ተኳሹ ዒላማውን በሚያይበት ጊዜ ክብደቱ ሁሉ በእጁ ላይ ነው። በአዲሱ ግን የመዘውሩ ዘንግ ከመሐል ፈቀቅ ብሎ ስለ ተተከለ፣ ክብደቱ ከጫፍ ከደረሰ በኋላ መልሶ ይቀላል። 50 ፓውንድ፣ ማለት 23 ኪሎ ያህል የሚከብድ ቀስት ከመቶ 80 እጁን የሚያቀልል ቢሆን፣ ተስቦ ሲያበቃ በእጅ ላይ የሚቀረው 10 ፓውንድ ብቻ ነው።

አንድ እንግዳ መምህር ሦስት እንዲህ ያሉ ቀስቶች አመጡልን። ሦስቱም 50 ፓውንድ ነበሩና «እንግዲያስ ልዩነታቸው ምንድር ነው?» አልን። ስንስባቸው ግን ክንዳችን መለሰልን።

አንደኛው ክብ መዘውር ያለው ነው። ቀስ እያለ ከበደ፣ ከመካከል ላይ ጫፍ ደረሰ፣ እንደገና ቀስ እያለ ቀለለ። ሁለተኛው ከላይ ተራ መዘውር፣ ከታች ካም የሚባል ሞላላ መዘውር ያለው ነው። ፈጠን ብሎ ከበደ፣ ጥቂት ቆየ፣ ሳይንገጫገጭ ቀለለ፤ በመጨረሻም ግድግዳ የነካ ያህል ቀጥ አለ። ሦስተኛው በሁለቱም ጫፍ ኃይለኛ ካም ያለው ነው። ገና ከመነሻው ከበደ፣ እስከ መጨረሻው ግድም አልለቀቀም፤ ከዚያም ድንገት ጉድጓድ እንደ መግባት ሆነ። ጥቂት ብንዘናጋ ክንዳችንን ወደ ፊት ይነጥቀን ነበር።

ምክንያቱን ከፊዚክስ ትምህርታችን አገኘነው። ሥራ ማለት ኃይል በርቀት ሲባዛ ነው። ከፍተኛውን ክብደት በረዥም ርቀት የሚያሸክም ካም ብዙ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ፍላጻውም ይፈጥናል። እንግዲህ መዘውር ሸክምን ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራል እንጂ ሥራን በነጻ አይሰጥም። ደግሞም ስሜቱን ይበልጥ የሚወስነው የካሙ ቅርጽ እንጂ ቁጥሩ አይደለም። ሁለት ካም ባለው ቀስት ሁለቱ እኩል ካልዞሩ፣ ግድግዳው በሁለት እርከን ይሰማል።

አንድ ጓደኛችን «እኔ ፈጣኑን እንጂ ሌላውን አልይዝም» ብሎ ሦስተኛውን ወደ ሰማይ እያነሣ ደጋግሞ ሳበ። ትከሻው ታመመ፤ ብዙ ቀንም እጁን ማንሣት ተሳነው። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም። ክብ መዘውር ያለውን የያዙትን «የሕፃን ቀስት» እያልን የሳቅንባቸው እኛው ነበርንና። ዛሬ በወላጆቻችን ፊት ይህን ስንናገር እናፍራለን።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ቀስት ስትመርጡ በክብደቱ ቁጥር አትታለሉ። ተቀምጣችሁ፣ ቀስቱን ወደ ላይ ሳታነሡ፣ በዝግታ መሳብና መልሳችሁ በዝግታ ማውረድ የምትችሉት እርሱ የእናንተ ነው። ያለ ፍላጻ ስባችሁ አትልቀቁ፤ ቀስቱም ይሰበራል፣ ሰውም ይጐዳል። ጉልበታችሁ ሲጨምር ክብደቱን ጨምሩ፤ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለምን? በባልንጀራችንም ቀላል ሸክም ከመሳቅ እንቈጠብ።