ቮላኖን ስለ ማቅለል

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ በጋራዥና በሹፍርና ሥራ የምንተዳደር አባሎች ያሰማነው ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን ወገኖቻችንን ነፍስ ይማር፣ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥ እንላለን።

ዛሬ የምንናገረው ስለ ቮላኖ ነው። «ለመሆኑ ዕድርን ከቮላኖ ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ወጣት አባሎቻችን የውጭ አገር ሰዎች አሮጌ የስፖርት መኪና ሲያድሱ በስልካቸው ያያሉ። እዚያም ቮላኖው ሲቀልል ሞተሩ እንዴት ፈጥኖ እንደሚነሣ ይመለከታሉ። ከዚያ ወደኛ መጥተው፣ «የኛንም መኪና ቮላኖ ቶርኖ ቤት ወስደን ብናስልጠው አይበርም ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በአንድ ቃል «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚያልፍ አይደለም፤ የሰው ሕይወት አለበትና። የሰውን ቀብር የሚያስፈጽም ማኅበር ደግሞ ቀብር እንዳይበዛ መምከርም ይገባዋል ብለን እናምናለን።

እንግዲህ ቮላኖ ማለት በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ፣ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚታሰር ከባድ ክብ ብረት ነው። የፍሪሲዮኑ ሸራ የሚጣበቀው በርሱ ፊት ላይ ነው። ሞተሪኖም ሞተሩን ለማስነሣት የሚይዘው በርሱ ዙሪያ ያለውን የጥርስ ቀለበት ነው። ሥራውን ለመረዳት ግን ወፍጮ ቤት መሄድ ይበቃል። እንደ ሊስተር ያለውን የጥንት ናፍጣ ሞተር ያየ ሰው፣ በግራና በቀኝ የተሰቀሉትን ሁለት ታላላቅ የብረት ጎማዎች አይረሳም። ያ ሞተር አንድ ሲሊንደር ብቻ ስላለው፣ በሁለት ዙር ውስጥ ጉልበት የሚሰጠው አንዴ ነው፤ በቀረው ጊዜ አየር ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ጭስ ያስወጣል። ታዲያ ጉልበት በማይሰጥበት ጊዜ ድንጋዩን ማን ያዞረዋል? እነዚያ ጎማዎች ናቸው። ጉልበት ሲገኝ ያጠራቅማሉ፤ ሲጠፋ ያወጣሉ።

ይኸ እኮ የዕድር ሥራ ነው! በደኅናው ጊዜ ወር በወር እናዋጣለን፤ የጭንቁ ቀን ሲመጣ ከሣጥኑ ይወጣል። ስለዚህ ቮላኖን ማቅለል ማለት የዕድርን መዋጮ እንደ መቀነስ ነው። ለጊዜው ኪስ ይቀልላል፤ የጭንቁ ቀን ግን ሣጥኑ ሳስቶ ይገኛል። አራት ሲሊንደር ያለው መኪና በየግማሽ ዙሩ ጉልበት ስለሚያገኝ እንደ ወፍጮው ያለ ከባድ ቮላኖ አያስፈልገውም። ጨርሶ ሳይኖረው ግን አይሆንም።

የስፖርት መኪና ሰዎች ታዲያ ለምን ያቀልሉታል? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 የሠሩትን ኤም ጂ ቢ፣ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1985 የሠሩትን ፊያት 124 ስፓይደር እንውሰድ። እነዚህ ቀላልና ዝቅ ያሉ፣ ሁለት ሰው ተቀምጦ የሚደሰትባቸው መኪኖች ናቸው። ባለቤቱ የሚፈልገው ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ ወዲያው ዙር እንዲያነሣ፣ ማርሽ ሲቀይርም ዙሩ ቶሎ እንዲወርድለት ነው። ቀላል ቮላኖ ይህንን በእርግጥ ያደርጋል። የፈረስ ጉልበት ግን አይጨምርም። የሞተሩ ጉልበት ያው የነበረው ነው፤ የሚቀነሰው ቮላኖውን ራሱን ለማፍጠን የሚጠፋው ነው።

ምን ያህል እንደሚተርፍ አስልተነዋል። ለምሳሌ 8 ኪሎ የሚመዝን፣ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 14 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወጥ ቮላኖ ይኑር። ከመሐሉ በ13 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ 2 ኪሎ ቢላጥ፣ ክብደቱ የሚቀንሰው በሩብ ነው፤ ዙሩን ለመለወጥ ያለው እምቢተኝነት ግን ከመቶ 43 ያህል ይቀንሳል። ያው 2 ኪሎ ከመሐሉ በ6 ሳንቲ ሜትር ተኩል ላይ ቢላጥ ኖሮ ጥቅሙ የዚያ ሩብ ብቻ ነበር። ዋናው የጠርዙ ብረት ነው ማለት ነው።

አሁን ይህን ወደ መንገድ እናምጣው። ጎማው አንዴ እስኪዞር ሞተሩ በአንደኛ ማርሽ 15 ጊዜ ተኩል፣ በአራተኛ ማርሽ 4 ጊዜ ከሲሶ ግድም የሚዞር ትንሽ መኪና እናስብ። የጎማው ቁመት ከመሐሉ እስከ መሬት 29 ሳንቲ ሜትር ነው። ለማፍጠን ሲባል ያ የተላጠው 2 ኪሎ በአንደኛ ማርሽ ወደ 95 ኪሎ ጭነት ከመኪናው እንደ ማውረድ ይቆጠራል። አንድ ወፍራም ሰው ከነሻንጣው ወረደ እንደ ማለት ነው። በአራተኛ ማርሽ ግን 7 ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ይኸ ደግሞ ከአንዲት ዶሮና ከአንድ ጀሪካን ውኃ አያልፍም! በእኩል ፍጥነት ለሚጓዝ መኪናማ ጥቅሙ ጨርሶ የለም።

ወደኛ አገር እንመለስ። ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ፣ በኮኪትና በገንዳ ውኃ አድርጎ፣ በአይከል በኩል ጎንደር የሚገባ ሹፌር ከ700 ሜትር ግድም ተነሥቶ ከ2,100 ሜትር በላይ ይወጣል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ ጎንደር ሲደርስ መተማ ላይ ከነበረው ጉልበት ከሰባት እጅ አንዱ ያህል የለም። ይህን የቮላኖ መቅለል አይመልሰውም። እንዲያውም ያብሰዋል። ሰሊጥ ወይም ማሽላ የጫነ መኪና ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሣ የመጀመሪያውን ግፊት የሚሰጠው በቮላኖው ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበት ነው። እሱ ሲጎድል ሞተሩ ይጠፋል፤ እንዳይጠፋ ሹፌሩ ነዳጅ አብዝቶ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል፤ ሸራው ይነዳል። ዳገት ላይ ሞተር የጠፋበት መኪና ወደ ኋላ ሲንሸራተት ከኋላው ማን እንዳለ አይመርጥም። ሚኒሞውም ይንቀጠቀጣል፤ በ800 ዙር ረጋ ብሎ ይሠራ የነበረው ከ1,000 በላይ ካልተደረገ አይረጋም። ለጭነት መኪና፣ ለትራክተርና ሕዝብ ለሚያመላልስ ሚኒባስ እንግዲህ ምክራችን አንድ ነው፤ ፋብሪካው የሰጠውን ቮላኖ አትንኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የብዙ አሮጌ መኪኖች ቮላኖ ጊዛ ከሚባለው፣ ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ብረት የተሠራ ነው። ጊዛ ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። የሚሽከረከር ብረት ደግሞ ራሱን ወደ ውጭ ይስባል። ዙሩ ከ3,000 ወደ 6,000 ሲያድግ ስበቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ያ የ14 ሳንቲ ሜትር ቮላኖ በደቂቃ 6,000 ሲዞር ጠርዙ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ቢፈነዳ ቁራጩን የካምቢዮው ቀፎ አያቆመውም። በብዙ መኪና ቮላኖው የሚገኘው ደግሞ ከሹፌሩ እግር አጠገብ ነው። ስለዚህ የጊዛ ቮላኖ ቶርኖ ላይ አሳስቶ ማስላጥ በቤተሰብ ላይ መፍረድ ነው እንላለን። ቶርኖ የሚሠራው ሰው ብልኅ ቢሆንም በብረቱ ውስጥ ያለውን የተደበቀ ስንጥቅ ዓይኑ አያየውም።

የስፖርት መኪና ኖሮት ማቅለል የፈለገ ሰውስ? መንገድ አለው። ለመኪናው ተብሎ ከተቀጠቀጠ ብረት የተሠራ፣ ወይም አሉሚኒየም ሆኖ ሸራው የሚያርፍበት ፊቱ ብረት የሆነ ቮላኖ ይግዛ። ሲገጠምም እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይነቀል። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መደገፊያ ይቁም፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት መቃብር ውስጥ እንደ መግባት ነው። ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ሞተሩ ከሥሩ ይደገፍ። የፍሪሲዮኑ ክዳን ሞላ ስላለው ቡሎኖቹ በመስቀለኛ፣ ጥቂት በጥቂት ይፈቱ። አሮጌው ቮላኖ ሳይወርድ ምልክት ይደረግበት፤ በአንዳንድ ሞተር የማቀጣጠያው ልክ የሚነበበው ከርሱ ላይ ነውና። የጥርስ ቀለበቱ የሚገባው 200 ዲግሪ ግድም በእኩል ሞቆ ነው፤ ራሱ ይቀዝቅዝ እንጂ ውኃ አይፈሰስበት። አዲሱ ቮላኖ ለብቻው፣ ቀጥሎም ከፍሪሲዮኑ ክዳን ጋር ሚዛኑ በማሽን ይታይ፤ ሚዛን የጎደለው ቮላኖ የሞተሩን ኩሽኔታ ይበላል። ካምቢዮው ወርዶ ሳለ የኋላው የዘይት መያዣ ጎማ አብሮ ይቀየር። የቮላኖው ቡሎኖች አዲስ ሆነው፣ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ በቶርክ መፍቻ ይጥበቁ። «እጄ ያውቀዋል» የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

በአጭሩ ይህን እንድትይዙልን እንለምናለን። ቀላል ቮላኖ ለቀላል መኪና፣ ለብቻው ለሚጓዝ ሰው የሚስማማ ነገር ነው። ጭነትና ሰው ይዞ ከቆላ ወደ ደጋ ለሚወጣ ግን ከባዱ ቮላኖ ደጋፊው ነው። የጊዛ ቮላኖ ለማስላጥ የተነሣ ወጣት በቤታችሁ ካለ፣ እናቶችና አባቶች፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ወደኛ ላኩልን። እንነጋገራለን፤ አሮጌ ቮላኖም እጁ ላይ አስይዘን እናሳየዋለን። የዕድራችን ድንኳን ለተፈጥሮ ሞት እንጂ ለቶርኖ ቤት ስሕተት እንዳይተከል ሁላችንም እንጠንቀቅ።