ስለ ሻይና ስለ ነቀርሳ ሕመም



ዛሬ የምንነግራችሁ በየቤታችሁ ስለሚፈላው ሻይ ነው። ማንበብ የሚችል ልጅ ያላችሁ ይህን ወረቀት አስነብቡ፤ አማርኛ ለማይሰሙትም በአኝዋክኛና በኑዌርኛ ይተርጎምላቸው።

ይህን ርእስ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በየመንደሩ ስንዞር አንዲት እናት ጡታቸው ላይ ጠጣር እብጠት አግኝተው ሳለ፣ «ጥቁር ሻይ ነቀርሳን ያጠፋል ብለውኝ እሱኑ እየጠጣሁ ነው» አሉን። ከመቼ ጀምሮ? ብንላቸው፣ «ከዝናቡ በፊት» አሉ። ያን ጊዜ ዝናቡ አልፎ ባሮም ጎድሎ ነበር። ወዲያው ወደ ሐኪም ላክናቸው፤ ያለፈው ጊዜ ግን አይመለስም።

ወሬው ከምን ተነሣ? በጎሬ አጠገብ በጉመሮ እንደሚለቀመው ያለ የሻይ ቅጠል ከተለቀመ በኋላ ይታሻል፤ ጭማቂው አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። በዚህ ጊዜ በቅጠሉ ውስጥ ካለው ካቴኪን ከሚባለው ነገር፣ ቴአፍላቪን የሚባል ሌላ ነገር ይወጣል። ለሻዩ ቀላ ያለ መልክ ከሚሰጡት አንዱ ይኸው ነው። ሊቃውንት እነዚህን ነገሮች በመስታወት ዕቃ ውስጥ ከነቀርሳ ሕዋሳት ጋር ቢያገናኟቸው፣ ሕዋሳቱ መራባታቸውን ሲቀንሱና ሲሞቱ አይተዋል። በአይጦችም ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታይቷል። ይህ እውነት ነው።

ዳሩ ግን የሰው ሆድ እንደ መስታወት ዕቃ አይደለም። ከምንጠጣው ሻይ ውስጥ ወደ ደም የሚገባው የእነዚህ ነገሮች መጠን እጅግ ጥቂት ነው። በሰዎች ላይ የተደረገውም ምርመራ አንዱ ይጠቅማል ሲል ሌላው ለውጥ የለውም ይላል። ሻይ የያዘውን ነቀርሳ እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። ስለዚህ ሻይ መጠጥ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ታዲያ እንዴት እንጠጣው?

1ኛ/ ውሃው በደንብ ይንተክተክ። ከባሮም ሆነ ከኩሬ የተቀዳ ውሃ የሆድ በሽታ ያመጣል፤ ሲንተክተክ ግን ተሕዋስያኑ ይሞታሉ። ብርጭቆውም በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ይከደን።

2ኛ/ እየፈጀ አይጠጣ። በ2008 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ክፍል፣ ከ65 ዲግሪ በላይ የጋለ መጠጥ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ነቀርሳ ሳያመጣ እንደማይቀር አስታውቋል። ጥፋቱ የትኩሳቱ ነው እንጂ የሻዩ አይደለም። ቀድታችሁ ጥቂት ቆዩ፤ ከንፈር ካቃጠለ ገና ነው።

3ኛ/ ከምግብ ጋር አይጠጣ። ሻይ፣ ደም የሚሠራውን ብረት ከምግባችን እንዳናገኝ ያግዳል። ወባ ደም በሚያሳንስበት አገራችን ደግሞ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ይጎዱበታል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት ክኒን በሻይ አይዋጥ። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት በቀር ሻይም ውሃም አይሰጠው።

ነቀርሳን ለመከላከል ከሻይ የሚበልጥ መንገድ አለ። ጋያውንና ሲጋራውን ተዉ፤ ትምባሆ ብዙ ዓይነት ነቀርሳ ያመጣልና። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠውን የማኅፀን በር ነቀርሳ ክትባት ሴት ልጆቻችሁን አስከትቡ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እናቶችም የማኅፀን በር ምርመራ የት እንደሚደረግ ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ጡት ላይ እብጠት ያገኘች፣ ከወር አበባ ውጭ ደም የሚፈሳት፣ ወይም ምግብ አልወርድ ያላት እናት ሕመም ባይሰማትም እንኳ አትቆይ። ነቀርሳ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም፤ የሚድነውም ያን ጊዜ ነው። አባቶችም ሚስቶቻችሁን «ነገ ትሄጃለሽ» አትበሏቸው፤ አብራችኋቸው ሂዱ።

ሻዩን ከጎረቤት ጋር በደስታ ጠጡ፤ እብጠቱን ግን ለሐኪም አሳዩ።

ጤናችሁን ይጠብቅልን።