730 እሳት



«አጠር አድርገው» ተብያለሁና በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የማወራው ቴርሞኤሌክትሪክ ስለሚባለው፣ ከሙቀት ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጨው ትንሽ ሰሌዳ ነው። አንድ ፊቱ ሲግል፣ ሌላው ሲቀዘቅዝ፣ አንዳች የሚሽከረከር ነገር ሳይኖረው ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ዜቤክ ይህን ያስተዋለው በ1821 እ.ኤ.አ. ነው። ገሳይ ላይ ከማገዶ ምድጃ ጋር ቢገጠም ለትንሽ አምፖልና ለስልክ ቻርጅ ይበቃል፤ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የምንወደውም ለዚሁ ነው።

ገበያ ላይ የምናገኘው፣ ከቢስሙትና ከቴሉሪየም የተሠራው፣ ካለፈበት ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነው። ይህችን ቁጥር ከፍ ለማድረግ ሁላችንም እንሯሯጣለን። ዕድሜውን ግን ማን ይጠይቃል?

በ1977 እ.ኤ.አ. የመጠቁት ሁለቱ ቮዬጀሮች በዚሁ መርሕ አሥርት ዓመታት ሠርተዋል። የእነሱ የሙቀት ምንጭ ፕሉቶኒየም ነው፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የገሳይ ምድጃ ግን ጠዋት ነዶ ይጠፋል፣ ማታም ነዶ ይጠፋል። በዓመት 730 ጊዜ ማለት ነው። በየዙሩ ሰሌዳው ውስጥ ያሉት ቁሶች እኩል አይለጠጡም፤ እየቆየ ብየዳው ይሰነጠቃል። እግሮቹ በተከታታይ የተያያዙ ናቸውና አንዱ ሲቆረጥ ሁሉም ዝም ይላል። የድሮውን የገና ዛፍ መብራት ታውቁት የለ?

በእኔ እምነት ሰሌዳው እሳቱን በቀጥታ ማየት የለበትም። በመካከል ወፈር ያለ አልሙኒየም ይግባ፤ ሙቀቱን ያከፋፍለዋል፣ ድንገተኛ ግለቱንም ያበርደዋል። ከ250 ዲግሪ ካለፈ ብዙዎቹ ሰሌዳዎች አይችሉትም። ብሎኑም ድርቅ ብሎ አይጠበቅ፤ ስፕሪንግ ይኑረው፣ ብረቱ ሲለጠጥ መላወሻ እንዲያገኝ። በቀዝቃዛው ፊት ላይ ደግሞ የውሃ ድስት ይጣድበት። እዚህ ደብረ ታቦር ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው (ለሽሮ እንጂ ለዚህስ ከፍታችን አድልቶናል)፤ ውሃው እስካላለቀ ድረስ ያ ፊት ከዚያ ብዙ አያልፍም። የሞቀው ውሃም ለእግር መታጠቢያ ይሆናል። አዎ፣ አልሙኒየሙ ትንሽ ኃይል ይበላብናል። ይብላ።

መምህሮቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪው ፕሮጀክቱን ሲያቀርብ የመጀመሪያ ቀን ስንት ዋት እንደሰጠ አትጠይቁት። «730 ጊዜ ነዶ ከጠፋ በኋላ ስንት ቀረው?» በሉት። ዓመት መጠበቅ የለበትም፤ በኤሌክትሪክ ምድጃና በማራገቢያ አንዱን ዙር በግማሽ ሰዓት ቢያዞረው፣ ቀንና ሌሊት ከሠራ በ15 ቀን ይጨርሰዋል። መብራት ካልጠፋ ነው ታዲያ።