ጉረኖው ደጃፍ ላይ ያለው ዱካ

እህቶቼ፣ እኔ የማውቀው ሂሳብ ነው፤ ዱካ ያስተማሩኝ የቆጋ እናቶች ናቸው።

ባለፈው ጥር አንዲት አባላችን በብድር የገዛቻቸው ሁለት በጎች ተበልተው አደሩ። ሰው ሁሉ «ጅብ ነው» አለ፤ እኔም እንደዚያው ልመዘግብ ነበር። አንዲት እናት ግን የመስኖው ቦይ ጭቃ ላይ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ሁሉም አራት ጣት አላቸው። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ይሰበስባል፤ የጅብና የውሻ ጥፍር ግን ጭቃው ላይ ይታያል። የጅብ የፊት እግር ከኋላው በጣም ይሰፋል። ይሄ ተቀራራቢ ነው፤ ውሻ ነው» አሉን።

ዱካው መንደር ገባ። የውሻው ባለቤት የአንዱን በግ ዋጋ ከፈሉ፤ ለቀሪው ብድሯን አራዘምንላት።

ስለዚህ ደጃፉን ከመጥረጋችሁ፣ ቦዩም ውሃ ከመለቀቁ በፊት ጥሩኝ። «ጅብ በላው» ብዬ የዘጋኋቸው ሦስት ገጾች አሉ፤ አሁን ሳያቸው እጠራጠራለሁ።