ማን ነው የቀረው? ከምን ነው ነፃ የሆነው?



ፊደል ለይተን ማንበብ ከጀመርን ዘንድ ዛሬ ስለ ሁለት ቃላት እንነጋገር። አንደኛው «በስተቀር»፣ ሁለተኛው «ነፃ» ነው። ሁለቱም ሰውን ወይም ንብረትን ከአንድ ነገር ያወጣሉ። በደንብ ካልተጻፉ ግን ጉዳት ያመጣሉ።

«በስተቀር» የሚያወጣው ከፊቱ የተጻፈውን ነው። «ከቀዩ በሬ በስተቀር ከብቶቼን ሁሉ ሸጫለሁ» ካልን ቀዩ በሬ የእኛ ነው፤ ሌላው የገዢው ነው። «ከነቀዩ በሬ» ተብሎ ከተጻፈ ግን በሬያችንም አብሮ ይነዳል።

የሚቀሩት ሁለት ሰዎች ከሆኑ ለየብቻ እንጻፋቸው። «ከደስታና ከአየለ ልጅ በስተቀር ሁሉም ለመንገድ ሥራ ይውጣ» ቢባል የቀረው ማን ነው? ደስታ ራሱ ነው ወይስ ልጁ? አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ያነበዋል፤ ጠብም ከዚያ ይነሣል። «ከደስታ ልጅና ከአየለ ልጅ በስተቀር» ካልን ግን ነገሩ ይጠራል።

«ነፃ» ደግሞ ብቻውን አይበቃም። «ወይዘሮ አስካለ ነፃ ናቸው» የሚል ወረቀት ምን ይጠቅማቸዋል? እሳቸው ከመዋጮው ነው ሲሉ፣ ሰብሳቢው ከጉልበት ሥራው ብቻ ነው ይላቸዋል። «በዚህ ዓመት ከመዋጮም ከጉልበት ሥራም ነፃ ናቸው» ተብሎ ይጻፍላቸው። «በነፃ» ግን ሌላ ነው፤ ያለ ክፍያ ማለት ነው። «ዘሩን በነፃ ተቀበልን» ካልን የዘር ዕዳ የለብንም።

ይህ ትንሽ ነገር አይምሰለን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ባለይዞታው መሬቱን በሽያጭም፣ በኪራይም፣ በውርስም ለሌላ እንዳያስተላልፍ ይከለክል ነበር። ነገር ግን ባለይዞታው ሲሞት ሚስቱ ወይም ባሏ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱትም ልጆች በመሬቱ እንዲጠቀሙ ይፈቅድ ነበር። እንግዲህ ክልከላውን ብቻ አንብቦ ያቆመ ሰው ባል የሞተባትን ሴት ከእርሻዋ ሊያስነሣት ነው። እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን መብቷን ያገኝላታል።

ስለዚህ ወረቀት ሲሰጠን ግማሹን አንብበን አንተው። «በስተቀር»፣ «ነገር ግን»፣ «ነፃ» የሚሉት ቃላት ላይ ስንደርስ ቆም እንበል። ማን? ከምን? እስከ መቼ? ብለን እንጠይቅ። መልሱ በወረቀቱ ላይ ከሌለ ይጻፍልን እንበል። ሳይጻፍ አንፈርም።